ሙያና ልክ፦ የጥንት ግሪኮች ስለ መልካም ኑሮ ያስተማሩት



ዛሬ ይዤው የመጣሁት ጥያቄ የራሴ አይደለም። ጠያቂው ሜኖ የሚባል የቴሳልያ ባላባት ልጅ ነው፤ ተጠያቂው ደግሞ ሶቅራጥስ። ፕላቶ በወጣቱ ስም በሰየመው ድርሰት ውስጥ ሜኖ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም ጥያቄውን ይወረውራል፦ ሰው መልካም የሚሆነው ተምሮ ነው፣ ለምዶ ነው፣ ወይስ ሲፈጠር ነው? ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ማታ፣ ልጁ ከተኛ በኋላ፣ ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

የጠያቂው ታሪክ ግን በዚያ አላበቃም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 ዓመት የፋርሱ ልዑል ቂሮስ ወንድሙን ከዙፋን ሊያወርድ የግሪክ ቅጥረኞችን አሰልፎ ሲዘምት፣ ከጦር አለቆቹ አንዱ ይኸው ሜኖ ነበር። አብሮ የዘመተው ዜኖፎን ስለ እሱ የጻፈው አያምርም፦ ለገንዘብ የሚስገበገብ፣ ወዳጁን የሚያታልል፣ እውነት የሚናገረውን ሰው እንደ ሞኝ የሚቆጥር። ዜኖፎን ስለጠላው አጋኖ ይሆናል። ቢሆንም ከግማሹ በላይ እውነት ከሆነ፣ ስለ መልካምነት እንዲያ ያማረ ጥያቄ የጠየቀ ሰው ከጥያቄው ምንም አልተጠቀመም ማለት ነው። የዛሬው ጉዳያችን ይኸው በማወቅና በመኖር መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ከቃሉ እንጀምር። ሜኖ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል አሬቴ ይባላል። ብዙ ጊዜ «በጎ ምግባር» ወይም «ትሩፋት» እያልን እንተረጉመዋለን። ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ቃሉን ከገበያ አውጥተን መቅደስ ውስጥ እናስገባዋለን። ለግሪኮች ቢላዋም አሬቴ አለው፤ ስለቱ ነው። ፈረስም አለው፤ መሮጡና ጋላቢውን ይዞ ጠላት ፊት አለመደንበሩ ነው። ዓይንም አለው፤ አጥርቶ ማየቱ ነው። አሬቴ አንድ ነገር ሥራውን አሳምሮ እንዲሠራ የሚያደርገው ብቃት ነው።

በኔ አስተያየት በአማርኛ ከሁሉ የሚቀርበው ቃል «ሙያ» ነው። አንዲትን ሴት «ባለሙያ ናት» ስንል ወጡ ጣፈጠ ማለታችን ብቻ አይደለም፤ እጇን፣ ዓይኗን፣ ትዕግሥቷንና የእንግዳ አቀባበሏን አንድ ላይ ማመስገናችን ነው። ጦር ሜዳ በጀግንነት የዋለም ሰው «ሙያ ሠራ» ይባል ነበር። ማጀትንና ጦር ሜዳን በአንድ ቃል የሚጠራ ሰው አሬቴን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ግሪኮቹ ከዚህ ተነሥተው የጠየቁት እንዲህ ነው፦ ቢላዋ ሙያ ካለው፣ ፈረስ ሙያ ካለው፣ ሰው ሰው በመሆኑ ብቻ ያለው ሙያ ምንድን ነው?

የግሪክ ፈላስፎች ስም ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አልነበረም። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል የተባሉ ሊቅ «መጽሐፈ ፈላስፋ» የተባለውን የምክርና የጥበብ ስብስብ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰውታል። በውስጡ ሶቅራጥስ፣ እንዲሁም በግዕዝ አፍላጦንና አርስጣጣሊስ የተባሉት ፕላቶና አርስቶትል ይናገራሉ። አብዛኛው ንግግር ከእውነተኛ ድርሰቶቻቸው የተቀዳ ሳይሆን ለዘመናት በስማቸው ሲነገር የኖረ ምክር ነው። ምክር ደግሞ ደግ ነገር ነው። ችግሩ፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ምክር ብቻውን ሰው አለመሥራቱ ነው።

ሶቅራጥስ ራሱ አንድም መጽሐፍ አልጻፈም። በአቴንስ ገበያና አደባባይ እየዞረ ጀነራሉን «ጀግንነት ምንድን ነው?»፣ ፈሪሃ አምላክ አለኝ ባዩን «እሱስ ምንድን ነው?» እያለ ያፋጥጥ ነበር። በእሱ እምነት ማንም ሰው እያወቀ አይበድልም። ክፉ የሚሠራው ምን እንደሚጠቅመው ያላወቀ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መልካምነት ዕውቀት ነው። በ399 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከተማው አማልክቱን አታከብርም፣ ወጣቶችንም ታበላሻለህ ብሎ ከሰሰው። አምስት መቶ ያህል ዳኞች ተቀምጠው ሞት ፈረዱበት። ወዳጆቹ ከወኅኒ ሊያስመልጡት ተዘጋጅተው ነበር፤ እሱ ግን በደልን በበደል መመለስ ነፍስን ያቆስላል ብሎ እምቢ አለና መርዙን ጠጣ። ዕውቀቱና ኑሮው አንድ የሆነለት ሰው ነበር። ምናልባት «ያወቀ አይበድልም» ያለውም ራሱን አይቶ ይሆናል።

ሌሎቻችን ግን እንዲያ አይደለንም። ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ማሸጊያው ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ማንበብ አልተሳነውም። የሶቅራጥስ ደቀ መዝሙር ፕላቶ ይህን ሳያይ አልቀረም። ነፍስን በሁለት ፈረስ በሚጎተት ሠረገላ መሰላት፤ አንዱ ፈረስ ታዛዥ፣ ሌላው አሻፈረኝ ባይ፣ ከላይ ልጓሙን የያዘው ደግሞ አእምሮ ነው። ጥበብ፣ ጀግንነት፣ ራስን መግዛትና ፍትሕ የተባሉት አራቱ ምግባራትም በእሱ «ሪፐብሊክ» ውስጥ ተሰልፈው ይገኛሉ። ይሁንና ያ አሻፈረኝ ባይ ፈረስ በየዕለቱ ኑሮ እንዴት እንደሚገራ በዝርዝር የመረመረው የፕላቶ ተማሪ አርስቶትል ነው።

አርስቶትል የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 ዓመት በሰሜን ግሪክ፣ በስታጊራ ነው። አባቱ ኒቆማኮስ የመቄዶንያ ንጉሥ ሐኪም ነበር። ልጁ በ17 ዓመቱ አቴንስ ገብቶ በፕላቶ አካዳሚ 20 ዓመት ቆየ፤ በኋላም ለታላቁ እስክንድር መምህር ሆነ። በ335 ወደ አቴንስ ሲመለስ የውጭ አገር ሰው በመሆኑ በከተማው መሬት መግዛት አይፈቀድለትም ነበር። ትምህርቱን የጀመረው ሊኪዮን በተባለ የሕዝብ የስፖርት ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአቴንስ መሀል ለሙዚየም ግንባታ መሬት ሲቆፈር የዚያ ስፍራ ቅሪት ወጣ፤ የተገኘው የትግል ማሠልጠኛው መሠረት ነው። አስቡት፦ በአንድ ወገን ወጣቶች ሰውነታቸውን ዘይት ተቀብተው ይታገላሉ፤ በሌላ ወገን አንድ መምህር ሰው እንዴት መልካም እንደሚሆን ይናገራል። ትምህርቱም ከሜዳው ብዙ አልራቀም።

የሥነ ምግባር ትምህርቱ «የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» በሚባሉ 10 መጻሕፍት ደርሶናል። የሚነሣው ሰው ሁሉ ከሚሻው ነገር ነው፤ ግሪኮቹ ዩዳይሞንያ ይሉታል። ቃሉን «ደስታ» ብለን ከተረጎምነው እንሳሳታለን። ደስታ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ከጥሩ ቡና በኋላም ይገኛል። ዩዳይሞንያ ግን ስለ አንድ ሰው ዕድሜ ሙሉ ስናወራ «ኑሮው ሰመረለት» የምንለው ዓይነት ነው። ስሜት ሳይሆን አኗኗር ነው። ስለዚህም አርስቶትል አንዲት ወፍ ስለታየች ጸደይ ገባ እንደማይባል ሁሉ በአንድ ቀን ደስታ ሰው ኑሮው ሰመረ አይባልም ይላል።

ታዲያ ኑሮ የሚሰምረው በምንድን ነው? ሰው ከእንስሳ የሚለይበትን ሥራ፣ ማለትም አስቦ መኖርን፣ በሙያ ሲሠራው ነው። ሙያ ደግሞ እንዴት እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ግንበኛ የሚሆነው እየገነባ ነው፤ በገና ደርዳሪ የሚሆነውም እየደረደረ ነው። ልክ እንደዚሁ ሰው ፍትሐዊ የሚሆነው የፍትሕ ሥራ እየሠራ፣ ጀግና የሚሆነውም በጭንቅ ሰዓት ባለመሸሽ እየለመደ ነው። በግሪክኛ «ልማድ» እና «ጠባይ» የሚባሉት ቃላት በአንድ ፊደል አነባበብ ብቻ ይለያያሉ፤ አርስቶትልም ይህን አስታውሶ ጠባይ ከልማድ ይወለዳል ይላል። እዚህ ላይ ሜኖን የሚነካ ምሳሌ አለው። ስለ መልካምነት ሲያወሩ ውለው መልካም የሆኑ የሚመስላቸው ሰዎች የሐኪሙን ቃል በጥሞና ሰምተው ያዘዘውን አንዱንም የማይፈጽሙ በሽተኞችን ይመስላሉ። ሰውነታቸው በዚያ እንደማይድን ሁሉ ነፍሳቸውም በዚህ አትድንም።

ግን ጥያቄ አለ። ሰው መልካም ሥራ ሠራ ማለት መልካም ሰው ሆነ ማለት ነው? ሁለት ሰዎች ባለሱቁ ተሳስቶ አትርፎ የሰጣቸውን ብር ይመልሳሉ እንበል። አንዱ መልሶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ሌላው መልሶ ሲያበቃ ቤቱ እስኪደርስ «በዚያ ብር እኮ ይህንን እገዛ ነበር» እያለ ያሰላል። ለሕግ ሁለቱም እኩል ናቸው፤ ለአርስቶትል ግን አይደሉም። ሁለተኛው ራሱን መግዛት የቻለ፣ የሚከበር ሰው ነው፤ ሙያው ግን ገና አልገባውም። በመልካም ሥራ ደስ መሰኘት ሙያው ዘልቆ እንደገባ የሚታይበት ምልክት ነው። ስለዚህ ልጅን ማሳደግ በዋነኛነት የሚገባው ነገር ደስ እንዲለው፣ የማይገባው ነገር እንዲያስጠላው ማልመድ ነው። ይህን ከፕላቶ መማሩን አርስቶትል ራሱ አይደብቅም።

አሁን ወደ ታወቀው ትምህርቱ ደርሰናል፤ ወደ መካከለኛው መንገድ። ይህ ትምህርት ብዙ ጊዜ «ሁሉን በመጠኑ» ተብሎ ይቀልላል። አርስቶትል ያለው ግን ሌላ ነው። የክሮቶኑ ሚሎ በጥንቱ ዘመን ስመ ጥር ታጋይ ነበር፤ በኦሎምፒያ 6 ጊዜ አሸንፏል። ለአንድ ሰው 10 ምና (ምና የግሪኮች የክብደት መለኪያ ነው) ምግብ ቢበዛ፣ 2 ምና ቢያንስ፣ አሠልጣኙ ደምሮ ለሁለት ከፍሎ ለሁሉም ሰው 6 ምና አያዝም። 6 ምና ለሚሎ ጾም ነው፤ ሥልጠና ዛሬ ለጀመረ ልጅ ደግሞ በሽታ ነው። መካከሉ በቁጥር መስመር ላይ ሳይሆን በሰውዬውና በሁኔታው ውስጥ ነው የሚገኘው።

እዚህም ቋንቋችን ያግዘናል። «ልክ» ስንል መጠን ማለታችን ነው፤ «ልክ ነው» ስንል ደግሞ ትክክል ነው ማለታችን ነው። አርስቶትል ሊል የፈለገው በዚህች ቃል ውስጥ አለ፦ ትክክል የሆነው በልኩ የሆነው ነው። ጀግንነት በፍርሃትና በደንታ ቢስ ድፍረት መካከል ነው። ለጋስነት በስስትና በብኩንነት መካከል ነው። ቁጣን እንኳ አይከለክልም። ከቶ የማይቆጣን ሰው የሚደፍሩትን ሁሉ እንደ ባሪያ የሚሸከም አድርጎ ያየዋል። መቆጣትማ ለማንም ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው በሚገባው ሰው ላይ፣ በሚገባው መጠን፣ በሚገባው ጊዜ፣ ስለሚገባው ነገር መቆጣት ነው። አለቃው ያስቀየመው ሰው ማታ ልጁን ሲገርፍ ቁጣው ቢያንስም ቢበዛም ልኩን ስቷል፤ ሰውየው ሌላ ነውና። ደግሞም ሁሉ ነገር መካከል የለውም። ስርቆት፣ ግድያና ምንዝር በልክ ሲሆኑ ደግ የሚሆኑበት መንገድ የለም።

ልኩን ማን ይነግረናል? አንድ በቅርብ ላሳያችሁ የምፈልገው መሣሪያ አለ። የሌስቦስ ደሴት ግንበኞች ድንጋይን ሁሉ አራት ማዕዘን አድርገው አይጠርቡም ነበር፤ ጎናቸው የተጠማዘዘ ድንጋዮችን እርስ በርስ እያገጣጠሙ ይገነቡ ነበር። ለዚህ ሥራ ቀጥ ያለ ዘንግ አይረዳም። የሚለኩበት መሣሪያ ከእርሳስ የተሠራ ነበር፤ ልጆች የሚጽፉበት ሳይሆን ጥይት የሚሠራበት፣ በእጅ የሚተጣጠፈው ማዕድን ነው። ግንበኛው እርሳሱን በተቀመጠው ድንጋይ ጎን ላይ ይጫነዋል፤ እርሳሱ የድንጋዩን ቅርጽ ይይዛል፤ ከዚያ ቅርጹን ይዞ የሚገጥመውን ቀጣይ ድንጋይ ይፈልጋል። አርስቶትል ሕግ የማይደርስበትን ጉዳይ የሚዳኝ ርትዕ እንደዚህ መለኪያ ነው ይላል። ሕግ አጠቃላይ ነው፤ ጉዳዩ ግን ሁሌም አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ድንጋይ ነው። እርሳሱ ይታጠፋል፤ ቢሆንም መለኪያነቱን አይለቅም። እንደፈለገ የሚታጠፍማ ጨርቅም ነበር፤ በጨርቅ ግን የሚገነባ የለም። ይህን መለኪያ በእጁ የያዘ ሰው «አስተዋይ» ይባላል። ወጣቶች ሒሳብ በቶሎ ይዘልቃሉ፤ ማስተዋል ግን ብዙ ድንጋይ መንካትን ይጠይቃል።

ይህን ሙያ ሰው ብቻውን አይማረውም። ከ10ሩ መጻሕፍት 2ቱ ሙሉ በሙሉ ስለ ወዳጅነት ናቸው። ለጥቅም የምንወዳጀው አለ፤ ለጨዋታ የምንወዳጀው አለ፤ ሰውየውን ስለ ማንነቱ የምንወደውም አለ። ሦስተኛው ብርቅ ነው፤ ጊዜም ይፈልጋል። ግሪኮች ሰዎች ቁና ሙሉ ጨው አብረው ሳይበሉ አይተዋወቁም የሚል አባባል ነበራቸው። ጨው ደግሞ ቆንጥረው የሚበሉት ነገር ነው። ቁናው እስኪያልቅ ስንት ምሳ፣ ስንት እራት እንደሚያስፈልግ አስሉት።

እስካሁን ነገሩ የሰመረ ይመስላል። ግን ሙያ ያለውንስ ሰው መከራ ቢያገኘው? የትሮይ ንጉሥ ፕርያም በስተርጅናው ልጆቹንም ከተማውንም ያጣ ነው። አርስቶትል እንዲህ ያለውን ሰው ኑሮው ሰመረ የሚለው የለም ይላል። መልካም ሰው በመከራ ውስጥም ይደምቃል፤ ጥሩ ጫማ ሰፊ ከተሰጠው ቆዳ የሚቻለውን ጫማ እንደሚሠራ እሱም በእጁ ካለው ይሠራል። ቆዳው ግን ቆዳ ነው። ጤና፣ ወዳጅና መጠነኛ ሀብት ያስፈልጋሉ። በ300 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ በአቴንስ ባለሥዕል ሰገነት ሥር ትምህርት የጀመሩት እስጦይኮች በዚህ አልተስማሙም። በጎነት ብቻውን ይበቃል፤ ከእጅህ ውጭ ያለው ሁሉ የአንተ አይደለም አሉ። ከእነሱ በኋላ የመጣው ኤፒክቴቶስ ይህንን ሲያስተምር አፉን ሞልቶ ነው፤ በባርነት የኖረ ሰው ነበርና። ማን ልክ ነበር? እኔ ወደ አርስቶትል አደላለሁ። ለተራበ ሰው «በጎነት ይበቃሃል» ማለት የጠገበ ሰው ፍልስፍና ይሆንብኛል። ሆኖም ኤፒክቴቶስ ሲናገር ዝም ብዬ አዳምጣለሁ።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን አርስቶትልን አወድሼ ብቻ ብተው ልክ አይሆንም። «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ባሪያ ናቸው፤ ሴቶችም ለመገዛት ተፈጥረዋል ሲል ጽፏል። መልካም ኑሮ ብሎ የገለጸው ጊዜ የተረፈው ነጻ ወንድ ኑሮ ነበር፤ ያን ትርፍ ጊዜ የሚያስገኙለት ደግሞ ሌሎች ነበሩ።

አርስቶትል በ322፣ እስክንድር ከሞተ በኋላ አቴንስ ፊቷን ስታዞርበት ሸሽቶ በሄደባት በካልኪስ ዐረፈ። ኑዛዜው ዲዮጋን ላኤርቲዮስ በጻፈው የፈላስፎች ታሪክ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። በብዙ የፍልስፍና ክፍሎች አይነበብም፤ እኔ ግን ከ10ሩ መጻሕፍት ቀጥሎ 11ኛ አድርጌ አነበዋለሁ። የሚስቱ የፒትያስ ዐፅም እንደ ምኞቷ አጠገቡ እንዲያርፍ ያዝዛል። ከእሷ ሞት በኋላ አብራው ለኖረችው ለሄርፒሊስ ቤትና ንብረት ይተዋል። ከዚያ ባሪያዎቹን በስማቸው ይጠራል። ሲያገለግሉት ከነበሩት ልጆች ማንም እንዳይሸጥ፣ ዕድሜያቸው ሲደርስም የሚገባቸው ነጻ እንዲወጡ ይላል። አምብራኪስ የተባለች ሴት ነጻ ትውጣ፤ ልጄ ስታገባም 500 ድራክማ ይሰጣት ይላል።

በተፈጥሮ ባሪያ የሆነ ሰው ካለ ነጻ ማውጣቱ ምን ትርጉም አለው? የአርስቶትል እጅ ብዕሩ ያልደረሰበት ደርሷል። አብሯቸው ጨው የበላቸውን ሰዎች በቅርብ ሲያይ እርሳሱ በድንጋዩ ላይ ታጥፏል። ለዚህ ነው መልካምነት ከመጽሐፍ ይልቅ በመኖር ይለመዳል ያለው ራሱ አርስቶትል በራሱ ላይ ምስክር የሚሆነው።

ግን ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። ለአምብራኪስ ከ500ው ድራክማ ጋር አሁን አብራት ያለችው ገረድ ትሰጣት ይላል። አንዷን ነጻ ባወጣበት መስመር ሌላዋን እንደ ዕቃ አስተላለፋት። የገረዷ ስም አልተጻፈም።

ሜኖ የጠየቀውን ለመመለስ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችን ስንገባ ሌላ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገንም። ሁላችንም ልክ የምናውቅ ይመስለናል። በሩን የምትከፍትልን፣ እራቱን የምታቀርብልን፣ እኛ ስለ መልካም ኑሮ ስንወያይ ቆማ ያመሸች ማን ናት? ስሟን፣ እስከ አባቷ፣ እናውቀዋለን?